የይለፍ ቃል

ብሎክ አርባ ሰባት፣ ምድር ቤት፣ ከቱሉ ዲምቱ ዳር፣
«ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን» ከሚል ታፔላ ሥር፣
ከጠቆረ ስክሪን ጋር አራት ዓመት ስኖር፤
በቀኙ ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» ሲል፣
እንደ ውዝፍ ኪራይ፣ አይቼ ያላየሁ ስመስል።

ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤
ስሰካው ፎልደሩ ሁሉ ባዶ አቋራጭ ሆኖ ይወጣል፤
«ፋይሌን በላሽብኝ» ይለኛል።
እኔ ምን በላሁ? ምሳዬን እንኳ አልበላሁ።

ኦብሳ ነው ያመጣው፣ ሦስተኛ ፎቅ የተከራየው፣
ቀን ብሎኬት አውርዶ፣ ማታ ኮሌጅ የሚማረው፦
«ሊኑክስ ልጫንልሽ፤ በነፃ ነው።»
በነፃ?
በነፃ የተሰጠኝን ሁሉ ገና ከፍዬ አልጨረስኩም።
«ባለቤቱስ ማነው?»
«ሁሉም ሰው።»
የሁሉም ሰው የሆነ አንድ ነገር አውቃለሁ፦ የብሎካችን ደረጃ፤
አምፑሉ ከተቃጠለ ሁለት ፋሲካ አለፈ።
«ይሄኛውን ይቀይሩታል» አለ፣ «የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሌሊት ሌሊት።»

መጀመሪያ ሳይጫን ሞክሪው አለኝ።
ቤት እንደሚያይ ተከራይ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ፤
ይህን ከፈትኩ፣ ያንን ዘጋሁ፣
ውሃ ይኖር እንደሁ ቧንቧውን ዞር እንደሚያደርግ ሰው።
ድምፁ አለ። ፕሪንተሩ አለ። ዋይፋይ የለም።

ከቋንቋዎቹ ረድፍ መሃል «አማርኛ»፣ በገዛ ፊደሉ ተጽፎ።
ማን ይሆን፣ ማንም ሳይከፍለው፣ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ
«ቀጥል»ን ያሰበው? «ሰርዝ»ን? «ተመለስ»ን?
ደክሞት ይሁን፣ እንቅልፍ ወስዶት፣
ከመሃል ወዲያ እንግሊዝኛ ነው፤
የወንድሜ ልጆችም የሚያወሩት እንደዚሁ ነው።

ካርታ መጣ። ያለሽበትን ንኪ አለኝ።
አዲስ አበባ አንዲት ነጥብ ናት።
እኛ ከነጥቧ ትንሽ ወጣ ብለን፣
ታክሲው «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ከሚልበት አልፈን።

ስልሳ አንድ በመቶ ላይ መብራት ሄደ።
የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።
ጨለማው ውስጥ ኦብሳ ቀስ ብሎ፦
«አሮጌው ጠፍቷል፤ አዲሱ ገና አልገባም።»
ሳቅሁ፤ ይኼማ ሰፈራችን ነው፣ ላፕቶፑ አይደለም።
እሱ አልሳቀም።
«እዚህ፣ ማሽኑን ካስቀመጥሽበት እስከ ጀርባው ግንብ፣
የአባቴ ምስር ነበር» አለ። ሌላ አልጨመረም።
ዕጣ የወጣልኝን ቀን አስታወስኩ፤
ዕልል እያልኩ ስዘል የዋልኩበትን።
ለዚህ ምን ይባላል? ሻማ መፈለግ ጀመርኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ከዜሮ ጀመርን።
«የይለፍ ቃል ምረጪ» አለኝ፣ «የማትረሺውን»፤
ፊቱን አዞረልኝ። መረጥኩ።
ኋላ፣ ለዋይፋዩ ጥቁር መስኮት ከፍቶ «ድገሚው» ሲለኝ፣
ብጽፍ፣ ብጽፍ፣ ኮከብ የለም፣ ነጥብ የለም፣
ጠቋሚዋ ካለችበት ንቅንቅ አትልም።
«ኪቦርዱ ተበላሸ» አልኩ።
«አልተበላሸም። ይጽፋል፤ አይታይም እንጂ።»

አሁን በየማለዳው፣ የሱቁን ቆርቆሮ ወደ ላይ ገፍቼ፣
ከመጀመሪያው ደንበኛ በፊት ያንን ቃል እጽፋለሁ።
የታመመ ፍላሽ ይሰካል፤ ፋይሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፤
«በላሽብኝ» የሚለኝ የለም።
የድሮ ውሎቼ ግን አንዳንዶቹ ፊደላቸው ተበትኖ ይከፈታል፤
እነሱን ከወረቀት እያየሁ፣ በትርፍ ሰዓቴ፣ እንደገና እለቅማለሁ።
ሰዓቱም አስራ ሦስት ሲል እኔ ሰባት ብዬ አነበዋለሁ፤
ተላምደናል።

ቃሉን አልነግራችሁም።
ምስር አይደለም፤ ምስር ይገመታል።
ማሳ ግን ስም አለው፤
ሻማው ሳይበራ ጠይቄው ነበር።